የአካል ብቃት ልኬት ለወጣት ስፖርተኞች ልምምድ እንዴት ያገለግላል?



ባለፈው ተርም ማብቂያ ላይ በትምህርት ቤታችን ሜዳ የ6 ደቂቃ ሩጫ፣ የ30 ሜትር ሩጫና ባሉበት ቆሞ የመዝለል ፈተና መሰጠቱ ይታወሳል። ከዚያን ዕለት ጀምሮ በመንገድም፣ በውሃ ቧንቧው ዘንድም፣ በክፍል በር ላይም ያገኘኝ ተማሪ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ቲቸር፣ አለፍኩ ወይስ ወደቅኩ?» አንዳንድ ወላጆችም ልጃቸው ስንተኛ እንደወጣ ለመጠየቅ እስከ ቢሮ ድረስ መጥተዋል።

ጥፋቱ የጠያቂዎቹ አይደለም። «ፈተና» ብለን የጠራነው እኛ መምህራን ነን፤ ፈተና ደግሞ በእኛ ዘንድ ማለፍና መውደቅ፣ አንደኛና መጨረሻ መውጣት ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ቃሉን ለውጬ «ልኬት» እለዋለሁ። ልብስ ሰፊ ሜትሩን አንገቱ ላይ አጥልቆ የደንበኛውን ትከሻና ወገብ ከለካ በኋላ «አንተ ወድቀሃል» ብሎ አይመልሰውም። ቁጥሩን በደብተሩ ይጽፍና ጨርቁን በዚያው ልክ ይቆርጣል። የእኛም ሥራ ይኸው ነው፤ የምንቆርጠው ጨርቅ ልምምዱ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በጥፋት ነው፤ ጥፋቱንም ብናገረው አላፍርም። ከዓመታት በፊት በሌላ ትምህርት ቤት ሳስተምር ለውድድር የሚሆኑ 12 ሯጮች እንድመርጥ ተነገረኝ። 60 የሚሆኑ ልጆችን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ ገና ሳይበርድ፣ ሰልፍ አስይዤ ለ12 ደቂቃ አስሮጥኳቸው። ከፊት የመጡትን 12 ጻፍኩና ሌሎቹን «በርቱ፣ ለሚመጣው ዓመት» ብዬ አሰናበትኩ። ሥራውን በአንድ ከሰዓት በኋላ በመጨረሴም ደስ ብሎኝ ነበር። በማግሥቱ የአንድ የ7ኛ ክፍል ተማሪ እናት መጡ። ልጃቸው ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነበር። ወንበር ብሰጣቸውም አልተቀመጡም። «መምህር፣ ዱቄቱ ካለቀብን ሦስት ቀኑ ነው። ትናንት ልጁ ሻይ ብቻ ጠጥቶ ነው የወጣው። እርስዎ የለኩት እግሩን ነው ወይስ ሆዱን?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ያ ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ቁመቱ ተመዝዞ፣ ሰውነቱ ጠንክሮ፣ በብሎኮች መካከል በተደረገ ውድድር እኔ ከመረጥኳቸው ልጆች አብዛኞቹን ቀደማቸው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ አንድም ቀን ያለማመደው ሰው አልነበረም፤ በራሱ ፈቃድ በደረቁ ወንዝ (በላጋው) ዳር ሲሮጥ ነበር። ከመረጥኳቸው 12 ልጆች ደግሞ አምስቱ ሩጫውን ትተውታል። እነርሱ በዚያን ዕለት የቀደሙት ዕድገታቸው ከጓደኞቻቸው ቀድሞ ስለመጣ ነበር፤ ሌሎቹ በቁመት ሲደርሱባቸው ብልጫው ጠፋ፣ እነርሱም ተስፋ ቆረጡ። እንግዲህ በአንድ ልኬት በሁለቱም ወገን በደልኩ ማለት ነው።

ምን እንለካለን?

በዓለም ላይ ብዙ ዓይነት የብቃት መለኪያ አለ። ከሁሉም የታወቀው የ12 ደቂቃው ሩጫ ሲሆን ያወጣው ኬኔት ኩፐር የተባለ የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም ነው፤ ጊዜውም በ1968 ነው (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ካልተገለጸ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰው በ12 ደቂቃ ውስጥ የሚሸፍነው ርቀት ልቡ፣ ሳንባውና ጡንቻው ኦክሲጅንን ምን ያህል አቀባብለው እንደሚጠቀሙበት ያሳያል። ነገር ግን የተዘጋጀው ለወታደሮች ነው። ልጆች የመጀመሪያውን ዙር እንደ ሚዳቋ ይሮጡና በአራተኛው ደቂቃ በእግራቸው መሄድ ይጀምራሉ፤ የተለካው ታዲያ ብቃታቸው ሳይሆን ጉልበት ቆጥቦ መሮጥ አለመልመዳቸው ይሆናል።

ሁለተኛው የ20 ሜትር የምልልስ ሩጫ ነው። ይህን በ1982 ያወጣው ሉክ ሌዤ የተባለ የካናዳ፣ የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ምሁር ሲሆን በ1988 ከባልደረቦቹ ጋር አሻሽሎታል። ተማሪው በሁለት መስመሮች መካከል በድምፅ ምልክት እየተመራ ይመላለሳል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ8.5 ኪሎ ሜትር ይጀምርና በየደቂቃው በግማሽ ኪሎ ሜትር ይጨምራል። በመጀመሪያው ደቂቃ 20 ሜትሯን ለመጨረስ 8 ሴኮንድ ተኩል ያህል ይሰጣል፤ ፍጥነቱ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ሲደርስ 6 ሴኮንድ ብቻ ይሆናል። (የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ይህን በሒሳብ ደብተራችሁ አረጋግጡ።) መልካም መለኪያ ነው፤ ጠባብ ቦታም ይበቃዋል፤ ድምፁም በስልክ ሊጫወት ይችላል። በእኛ ሜዳ ላይ ግን አንድ ችግር አለበት። መሬቱ ጠጠርና አቧራ ነው፤ ብዙዎቻችሁ የምትሮጡት በሲሊፐር ወይም በባዶ እግር ነው፤ በየ20 ሜትሩ በድንገት ዞሮ መመለስ ቁርጭምጭሚት ያስወልቃል። ስለዚህ እኛ የመረጥነው የኩፐርን ግማሽ፣ የ6 ደቂቃውን ሩጫ ነው።

ሜዳውን እንዲህ አዘጋጀነው። 20 ሜትር ገመድ በሜትር ለክተን 10 ጊዜ በማዞር 200 ሜትር ክብ አወጣን። በየ20 ሜትሩ በኖራ የተቀባ ድንጋይ አስቀመጥን። ተማሪው ለ6 ደቂቃ ይሮጣል፤ ጓደኛው ዙሩን ይቆጥርለታል፤ የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ በደረሰበት ቦታ ይቆማል፣ ካለፈው ዙር ወዲህ ያለፋቸው ድንጋዮች ይቆጠራሉ። 5 ዙርና 4 ድንጋይ ማለት 1080 ሜትር ነው። 7 ዙርና 2 ድንጋይ ደግሞ 1440 ሜትር ነው።

ከቁጥሩ ወደ ልምምዱ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ቁጥሩ በወረቀት ላይ ተጽፎ በኮርኒሱ ሥር ቢቀር ልጆቹን ያደከምናቸው በከንቱ ነው።

በ6 ደቂቃ ውስጥ 360 ሴኮንድ አለ፤ ይህም ማለት 15 ሴኮንድ 24 ጊዜ ነው። ስለዚህ የሮጣችሁትን ርቀት ለ24 ብታካፍሉት በራሳችሁ ፍጥነት በ15 ሴኮንድ ውስጥ የምትሸፍኑትን ርቀት ታገኛላችሁ። 1440 ሜትር የሮጠ 60 ሜትር ይደርሰዋል። 1320 ሜትር የሮጠች 55 ሜትር፣ 1080 ሜትር የሮጠ ደግሞ 45 ሜትር ይደርሰዋል። በልምምዱ ቀን ሁሉም ተማሪ በአንድ መስመር ላይ ይቆማል፤ በየራሱ ርቀት ላይ ግን ስሙ የተጻፈበት የራሱ ድንጋይ አለው። ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም ይነሣል፣ በ15ኛው ሴኮንድ ፊሽካ ሁሉም በየድንጋዩ ይደርሳል፣ 15 ሴኮንድ ያርፋል፣ ከዚያም ወደ መነሻው ይመለሳል። እንዲህ እያለ ለ6 ደቂቃ ይቀጥላል፤ ይህም 12 ሩጫ ማለት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በመካከሉ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን አሳርፈን እንሠራዋለን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ 8 ደቂቃ ከፍ ይላል።

ይህን ልምምድ ሳስብ ደስ የሚለኝ ማንም ማንንም የማይቀድም በመሆኑ ነው። የ45 ሜትሩም ልጅ፣ የ60 ሜትሩም ልጅ እኩል ይነሣሉ፣ እኩል ይደርሳሉ፣ እኩል ያልባቸዋል። ቀድሞ እንደማደርገው ሁሉንም እስከ 60 ሜትር ባስሮጣቸው ኖሮ የ45 ሜትሩ ልጅ ከአቅሙ በሲሶ በላይ ይጠየቃል፤ ሦስት ጊዜ ሮጦ በአራተኛው ይቀመጣል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ አይመጣም። ሁሉንም በ45 ሜትር ባስሮጣቸውም ፈጣኖቹ ልጆች እያወሩ ይጨርሱታል፣ ሰውነታቸውም ምንም አይማርም።

የ30 ሜትር ሩጫና ቆሞ መዝለል የሚለኩት ሌላ ነገር ነው፤ የእግርን ጉልበትና ቅልጥፍና ነው። ለዝላዩ ሁለቱን እግር ከመስመሩ ኋላ አጣምሮ መዝለል፣ ካረፉት ተረከዞች ለመስመሩ የቀረበውን መለካት፣ ሦስት ጊዜ አስዘልሎ ትልቁን መያዝ ነው። እነዚህን ከ6 ደቂቃው ጋር ጎን ለጎን ስናያቸው ልጁ ምን እንደሚጎድለው ይታያል። ባለፈው ተርም በ6 ደቂቃ ሩጫ ከፊት ከነበሩት ልጆች መካከል በዝላይ ከኋላ የቀሩ ነበሩ። ለእነዚህ ተጨማሪ ረጅም ሩጫ መስጠት ያላቸውን መደራረብ ነው፤ የሚያስፈልጋቸው ከ20 እስከ 30 ሜትር የሆነ አጭር የፍጥነት ሩጫ በበቂ እረፍት፣ ገመድ ዝላይና ቁጭ ብድግ ነው። በተቃራኒው በዝላይ የሚያስደንቁ፣ በሦስተኛው ደቂቃ ግን ትንፋሽ የሚያጥራቸው ልጆች አሉ፤ ድንጋይ ለድንጋይ ሩጫው በተለይ የተዘጋጀው ለእነርሱ ነው። (በላጋው አሸዋ ላይ መሮጥ ለእግር ጉልበት መልካም ነው፤ ነገር ግን ደመና ባለበት ቀን ማንም ተማሪ ወደዚያ እንዳይወርድ። እዚህ ባይዘንብም ላይ ከዘነበ ጎርፉ ሳይታሰብ ይደርሳል።)

የልጁ ዕድሜ ስንት ነው?

ይህ ጥያቄ በሌላ ቦታ ቀላል ነው፤ በካምፕ ግን እንደዚያ አይደለም። ወላጆች የምዝገባ ወረቀታችሁን ብትመለከቱ ከልጆቻችሁ አንዱ ወይም ሁለቱ የተወለዱት «ጃንዋሪ 1» ተብሎ ተጽፎ ታገኙ ይሆናል። የተወለደበት ቀን በማይታወቅ ጊዜ በብዙ አገር መዝገብ እንዲህ ይጻፋል። በእኛ በኢትዮጵያውያን ላይ ደግሞ የዘመን አቆጣጠር ይጨመርበታል። እናት «በ2004 ነው የወለድኩት» ስትል በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ጸሐፊው እንዳለ 2004 ብሎ ከጻፈው ልጁ በወረቀት ላይ በ7 ወይም በ8 ዓመት አርጅቷል። በዓለም አቀፍ አትሌቲክስ ደንብ ከ20 ዓመት በታች የሚባለው ስፖርተኛ በውድድሩ ዓመት ዲሴምበር 31 ቀን 18 ወይም 19 ዓመት የሚሆነው ነው፤ ከ18 ዓመት በታች የሚባለው ደግሞ 16 ወይም 17 ዓመት የሚሆነው ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ስሕተት ያለበት ልጅ አንድም የወጣቶች ውድድር ሳይሮጥ ጊዜው ያልፍበታል። ማስረጃ ያላችሁ ወላጆች ውድድር እስኪመጣ ሳትጠብቁ አሁኑኑ ለምዝገባው ቢሮ አመልክቱ። ዕድሜ እንዲቀነስ የሚለምኑኝም አሉ፤ እርሱን አላደርገውም።

ዕድሜው በትክክል ቢታወቅም እንኳ ነገሩ አያበቃም። ልጆች በፍጥነት የሚመዘዙበት ወቅት አለ። በሴቶች ልጆች ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ በ12 ዓመት ግድም፣ በወንዶች በ14 ዓመት ግድም ነው፤ አንዱ ግን ከዚህ በሁለት ዓመት ሊቀድም፣ ሌላው በሁለት ዓመት ሊዘገይ ይችላል። ለረጅም ጊዜ በቂ ምግብ ያላገኘ ልጅ ደግሞ የበለጠ ይዘገያል። በአንድ ወንበር የሚቀመጡ ሁለት የ13 ዓመት ወንዶች አንዱ ጢም ሲያወጣ ሌላው ገና ሕፃን ሊሆን ይችላል። ሁለቱን አስሮጦ ማን እንደሚበልጥ መናገር ማን ቀድሞ እንዳደገ መናገር ነው።

በዚህ ምክንያት በየሦስት ወሩ ከሌሎቹ ልኬቶች ጋር ቁመትም እንለካለን። ልጁ ጫማውን አውልቆ ተረከዙን ከግድግዳው አስጠግቶ ይቆማል፣ በራሱ ላይ ደብተር ይደረጋል፣ ምልክት ይደረጋል። ከሁሉ መሣሪያ ርካሹ ይህ ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የበለጠ ይጠቅመኛል። ቁመቱ በሦስት ወር ውስጥ ከወትሮው በላይ ከዘለለ ያ ልጅ በፍጥነት በሚያድግበት ወቅት ላይ መሆኑን አውቃለሁ። አንዳንዱ በዚህ ጊዜ እጅ እግሩ ለራሱ እንግዳ ይሆንበታል፤ ኳስ ይስታል፣ ይደናቀፋል፣ የሩጫ ውጤቱም ባለበት ሊቆም ወይም ሊቀንስ ይችላል። ወላጅ «ሰነፈ» ይለዋል፤ አልሰነፈም፣ እያደገ ነው። ከጉልበት ሎሚ በታች፣ አጥንቱ ጎልቶ በሚታይበት ቦታ ላይ ሕመም የሚሰማቸውም በዚህ ወቅት ብዙ ናቸው። ሐኪሞች ይህን ሕመም ኦስጉድ ሽላተር ይሉታል፤ ጅማቱ ገና ያልጠነከረውን የአጥንት ጫፍ ደጋግሞ ሲጎትተው የሚመጣ ነው። ለእንዲህ ያለው ልጅ ዝላይና የፍጥነት ሩጫ እንቀንስለታለን፤ ሕመሙ ካልተወው ወደ ክሊኒክ እንልከዋለን። ችሎ እንዲሮጥ አናስገድደውም፤ ልጆችም ሕመማችሁን ከእኔ አትደብቁ።

ስለ ሴቶች ልጆች ጥቂት ልጨምር። የሴት ልጅን ልኬት የምትይዘው ሴት መምህርት ናት። በወር አበባዋ ቀን አልሮጥም ያለች ልጅ ምክንያቷን ለማንም መናገር ሳያስፈልጋት በሌላ ቀን ትለካለች። ክብደት በሰው ፊት አንለካም። ቶሎ የምትደክም፣ ፊቷ የነጣ፣ ራሷን የሚያዞራት ልጅ ካለች የደም ማነስ ሊሆን ስለሚችል ወላጆች ወደ ክሊኒክ ውሰዷት፤ ይህን ልምምድ አይፈውሰውም።

የማይለካበት ቀን

ያ የ12 ደቂቃ ሩጫ ካስተማረኝ ነገር አንዱ መቼ እንደማይለካ ነው። በዚህ በቱርካና ምድር የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ይበልጣል፤ ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ እንለካለን። (ኬንያውያን በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ስለሆነ ለኬንያውያኑ አስተማሪዎችም ሰዓቱን ማስረዳት አያስቸግርም።) ሬሽን ከመታደሉ በፊት ባለው ሳምንት አንለካም፤ ሬሽን በተቀነሰበት ወርም ልኬቱን እናስተላልፋለን፣ ልምምዱንም ቀለል እናደርጋለን። በዐቢይ ጾምና በረመዳን ለሚጾሙ ልጆችም እንዲሁ ነው። ወባ ይዞት የተነሣ ልጅ ክሊኒኩ ካልፈቀደለት አይሮጥም። በሩጫ ላይ ደረቱን ያመመው ወይም ራሱን የሳተ ልጅ ደግሞ ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን ሐኪም ሳያየው ወደ ሜዳ አይመለስም።

ተማሪዎች በየቤታችሁ ልትለኩት የምትችሉት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የልብ ትርታ ነው። ጠዋት ከእንቅልፍ እንደነቃችሁ፣ ከመኝታችሁ ሳትነሡ፣ ሁለት ጣታችሁን በእጅ አንጓ ላይ አድርጋችሁ ለ30 ሴኮንድ ቁጠሩና በሁለት አባዙት። ለአንድ ሳምንት ያህል ጻፉት፤ የራሳችሁን ልማድ ታውቃላችሁ። አንድ ቀን ከልማዳችሁ በ10 ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ ካገኛችሁትና ሰውነታችሁም ከከበዳችሁ የዚያን ዕለት ልምምድ ይቅር። ትኩሳት ካለም ለወላጅ ንገሩ።

ቁጥሮቹ እንዲመሳሰሉ ሁልጊዜ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት ጫማ እንለካለን። እንዲያም ሆኖ በ6 ደቂቃ ሩጫ የ20 ወይም የ30 ሜትር ልዩነት ቢገኝ እኔ እንደ ለውጥ አልቆጥረውም፤ ነፋስም ሊሆን ይችላል፣ እንቅልፍም ሊሆን ይችላል። 100 ሜትር ከሆነ ግን እደሰታለሁ። የመጀመሪያው ልኬት ከሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ያንሳል፤ ምክንያቱም ልጁ በሁለተኛው ጊዜ ጉልበቱን ቆጥቦ መሮጥን ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ ባለፈው ተርም የተገኘውን ቁጥር እንደ መለማመጃ ቁጠሩት።

ውጤቱን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለምን እንዳልለጠፍን ለጠየቃችሁን ወላጆች መልሱ ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ የደብተር ገጽ አለው፤ በገጹ ላይ ያለው የራሱ ቁጥር ብቻ ነው፤ የዛሬው ቁጥር የሚነጻጸረው ከሦስት ወር በፊት ከነበረው ከራሱ ቁጥር ጋር ነው። ወላጅ በፈለገ ጊዜ መጥቶ የልጁን ገጽ ማየት ይችላል፤ የጎረቤቱን ልጅ ግን አናሳየውም።

ከፍ ያሉት ክፍሎች ተማሪዎች «ታዲያ ለትልቁ ውድድር የሚመርጡን ሰዎች የሚያዩት አንደኛ የወጣውን አይደለም ወይ?» ማለታችሁ አይቀርም። ልክ ናችሁ፣ የሚያዩት እርሱን ነው። በ2015 የኬንያዊቷ የማራቶን ጀግና የቴግላ ሎሩፔ ድርጅት እዚህ ካኩማ ውስጥ የሩጫ ማጣሪያ አካሂዶ ነበር፤ በዚያ ማጣሪያ በባዶ እግሯ የሮጠችው ሮዝ ናቲኬ ሎኮንየን በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ የስደተኞችን ቡድን ባንዲራ ይዛ ለመግባት በቅታለች። ከ10ሩ የቡድኑ አባላት አምስቱ ከዚህ ካምፕ የወጡ የደቡብ ሱዳን ሯጮች ነበሩ፤ በሉክሰምበርግ በስደት ይኖር የነበረው ኢትዮጵያዊው ዮናስ ኪንዴም ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ ጨርሷል። ታላቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ከካኩማ ከሄዱት አምስቱ መካከል ከመጀመሪያው ዙር ያለፈ የለም። ሮዝ 800 ሜትሩን የሮጠችው በ2 ደቂቃ ከ16.64 ሴኮንድ ነበር። ለዚያ ውድድር ናይሮቢ አጠገብ በንጎንግ የተዘጋጁት አንድ ዓመት ላልሞላ ጊዜ ነው፤ ተወዳዳሪዎቻቸው ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ በአሰልጣኝ እጅ ያደጉ ነበሩ። ማጣሪያው በሩን ከፈተላቸው፤ ከማጣሪያው በፊት የነበሩትን ዓመታት ግን ሊመልስላቸው አልቻለም። እኛ በዚህ ሜዳ ላይ ለመሥራት የምንሞክረው እነዚያን ዓመታት ነው። ከእናንተ መካከል ማን ወደ ውድድር እንደሚደርስ አላውቅም፤ በ12 ዓመት ልጅ ላይ አውቃለሁ የሚላችሁም ቢኖር አትመኑት።

የሚቀጥለው ልኬት በሚመጣው ተርም በ3ኛው ሳምንት ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይሆናል። ከዚያ በፊት ባለው ረቡዕ ጉልበት ቆጥቦ ስለ መሮጥ የመለማመጃ ቀን ስላለ ማንም እንዳይቀር። ወላጆች በዚያ ጠዋት ልጆቹ ጥቂትም ቢሆን በልተው፣ ውሃም ጠጥተው እንዲመጡ አድርጉ፤ ቤት ውስጥ የሚበላ ነገር ከሌለም ሳታፍሩ በልጁ በኩል ላኩብኝ፣ ለሌላ ቀን እናዛውረዋለን። ዝናቡ የሜዳውን ድንጋዮች ስላጠባቸው የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኖራ ለመቀባት ተመድባችኋል። የኖራው ባልዲ ከጥበቃው ዘንድ አለ።